በዝግታ ድንጋይ የምትወጣ መኪና

በሬዲዮ ሞገድ ከሚታዘዙ የሞዴል መኪኖች መካከል ክሮለር የሚባለው ዓይነት ለፍጥነት ሳይሆን ለዝግታ የተሠራ ነው። ስሙ ከመዳህ የመጣ ሲሆን፣ መኪናዋም በእርግጥ እንደሚድህ ሕፃን አንዱን ጎማ ሳታስተማምን ሌላውን የማታነሣ፣ ከሰው እርምጃ እምብዛም ባልፈጠነ ጉዞ ቋጥኝ፣ የዛፍ ሥርና ጎርፍ የቦረቦረውን ቦይ የምትሻገር ናት። አብዛኞቹ ክሮለሮች የእውነተኛው መኪና አንድ ዐሥረኛ ተደርገው ስለሚሠሩ ርዝመታቸው ከግማሽ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ክብደታቸውም በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ተገጣጥመው ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ ቢሆኑም፣ ለሙያው ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ሻንሲውን ከአንዱ፣ አክሰሉን ከሌላው፣ ሞተሩን ደግሞ ከሦስተኛው አምራች እየመረጡ በእጃቸው የሚገነቧትን መኪና ያስበልጣሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ክፍል የመረጠ ሰው መኪናዋ መንገድ ላይ ስትሰናከል ጥፋቱን ከየት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው ጠንካራ ሞተር ለመግዛት ነው። ግምቱ ከትልቁ መኪና ልማድ የመጣ ስለሆነ አያስወቅሰውም። ይሁን እንጂ ስሌቱም ሆነ ድንጋዩ የሚመሰክሩት ሌላ ነው፤ ክሮለርን ከቋጥኙ ጫፍ የሚያደርሳት ክብደቷ የተቀመጠበት ቦታና ጎማዋ መሬቱን የሚጨብጥበት መንገድ ሲሆን፣ የሞተር ጉልበት ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ማሽንን ያለ ሽቦ ከሩቅ የማዘዝ ሐሳብ የቆየ ነው። ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አንዲት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እየመራ ለሕዝብ ያሳየው በ1898 ነበር፤ ይህና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሐሳቡ ለተራ ሰው መዝናኛ ሆኖ በሰፊው የተዛመተው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ታሚያ በ1981 ለገበያ ያቀረበው የቶዮታ ሃይሉክስ ሞዴል የብረት ሻንሲ፣ እንደ እውነተኛዋ መኪና ባሌስትራና ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ያለው በመሆኑ፣ ሞዴል መኪና የሜካኒክ ትምህርት ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል። በ1987 የወጣው ክሎድ ባስተር የተባለው የዚሁ ኩባንያ ሞዴል ደግሞ በእያንዳንዱ አክሰል ላይ የየራሱ ሞተር ያለውና በአራቱም ጎማዎች የሚታጠፍ ነበር። የድንጋይ መውጣት ፍላጎት እያደገ ሲመጣ አሜሪካውያን ሠሪዎች የዚህን መኪና አክሰሎች ፈትተው፣ ራሳቸው በቆረጡት ላሜራና በቀጠቀጡት ዘንግ ላይ እያሰሩ፣ በሱቅ የማይገኘውን መኪና በየጓዳቸው ሠሩ። ፋብሪካዎች የተከተሉት ከእነርሱ በኋላ ነው፤ አክሲያል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ኤኤክስ 10 የተባለውን ክሮለር በ2007፣ የእውነተኛ መኪና መልክ ያለውን ኤስሲኤክስ 10ን ደግሞ በ2009 አወጣ፤ የቴክሳሱ ትራክሳስም በ2017 ቲአርኤክስ 4ን ይዞ ገባ። ዛሬ ከልዩ ልዩ አምራቾች የሚገዙ ክፍሎች እርስ በርስ የሚጋጠሙት፣ ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙ ልኬቶች የጋራ መስፈርት ስለሆኑ ነው፤ ለምሳሌ ከፊት አክሰል እስከ ኋላ አክሰል ያለው ርቀት በ313 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ በ1.9 ኢንች መለመዱ ከዚሁ የመነጨ ነው።

የድንጋይ መውጣት ፍላጎቱ በአሜሪካ ምዕራብ መብቀሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ የሚያልፈው፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሩቢኮን መንገድ በግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች የታወቀ ሲሆን፣ ጂፕ ኩባንያ ለድንጋይ መንገድ ላዘጋጀው መኪና ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። በዩታ ግዛት የምትገኘው ሞአብ ደግሞ ነፋስና ውኃ ባለሰለሱት ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተከበበች ስትሆን፣ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን የጂፕ ባለቤቶች የሚሰበሰቡባት ከተማ ናት። የሞዴል ሠሪው ታላቅ ነፃነት ግን ሩቢኮንን ፍለጋ ብዙ መጓዝ ሳያስፈልገው መቅረቱ ነው፤ አንድ ዐሥረኛ ለሆነች መኪና ጉልበት የሚያህል ድንጋይ ገደል፣ አንድ እርምጃ የሚያሻግር ፈፋም ሸለቆ ይሆንባታል።

ሆኖም መኪናን አሳንሶ መሥራት ሁሉንም ነገር በእኩል መጠን አያሳንስም። ጋሊልዮ ጋሊሌይ በ1638 ባሳተመው ሁለት አዳዲስ ሳይንሶችን በሚመለከተው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የአንድ ነገር ርዝመት በ10 ሲቀነስ የገጽታው ስፋት በ100፣ ይዘቱና በይዘቱ የሚወሰነው ክብደቱ ደግሞ በ1,000 ይቀነሳል። ስለዚህ 2,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና አንድ ዐሥረኛ ሞዴሏ 2 ኪሎ ግራም ብትመዝን ልኳ ይሆናል፤ ክብደቷን የሚሸከመው ብረትና ፕላስቲክ ግን የቀነሰው በ100 ብቻ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ የብረት ስፋት ላይ የሚያርፈው ጫና ከትልቋ ጋር ሲነጻጸር ዐሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ከግማሽ ሜትር ቋጥኝ የወደቀች ክሮለር፣ ለትልቋ መኪና ከአምስት ሜትር ገደል መውደቅ የሚሆንባትን አደጋ ችላ ተነሥታ መንገዷን የምትቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። የሕጉ ሌላ ገጽ ግን ለነጂው አይመችም። ትንሽ ነገር ቁመቷን ያህል ለመውደቅ የሚፈጅባት ጊዜ ከትልቋ በ3.2 እጥፍ ያህል ያጠረ ስለሆነ፣ በትልቅ መኪና ላይ በዝግታ ሲመጣ የሚታየው መገልበጥ በሞዴሏ ላይ በዓይን ቅጽበት ያልቃል፤ ነጂው መኪናዋ ከመንሸራተቷ በፊት ካልወሰነ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ነገር አይኖርም።

የመኪናዋ አጥንት እንደ መሰላል በሁለት ትይዩ የብረት ሐዲዶች የተሠራ ሻንሲ ሲሆን፣ ከሥሩ ሁለት ወፍራም አክሰሎች ይንጠለጠላሉ። በገጠር መንገድ የላንድ ክሩዘርን ወይም የሃይሉክስን ጉዞ የሚያውቅ አንባቢ፣ በተለምዶ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የሚባለው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲገባ ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ አንዱ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ሌላው እንደሚቆም አስተውሎ ይሆናል። ዲፈረንሻል ኩርባ ላይ የውስጠኛውና የውጨኛው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የማርሽ ጓድ ነው፤ ለአስፋልት አስፈላጊ ቢሆንም ለድንጋይ ጠላት ነው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ክሮለሮች ዲፈረንሻሉ ጨርሶ ወጥቶ ሁለቱን ጎማዎች አንድ የሚያደርግ ጠጣር ብረት ይገባበታል፤ ሦስት ጎማዎች አየር ላይ ቢንጠለጠሉ እንኳ መሬት የነካው አራተኛው ሙሉውን ኃይል ያገኛል። ይህ የተገኘው በዋጋ ነው፤ የተቆለፈ አክሰል ለመታጠፍ እምቢተኛ ስለሆነ መኪናዋ ሰፊ ኩርባ ትፈልጋለች። ቲአርኤክስ 4 በነጂው ጣት ትእዛዝ ዲፈረንሻሉን የሚከፍትና የሚቆልፍ ስልት ይዞ መምጣቱ ለዚህ ችግር የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ሌሎች ሠሪዎች ደግሞ የፊት አክሰሉ ከኋላው በጥቂት በመቶ ፈጥኖ እንዲዞር ማርሹን ይመርጣሉ፤ እንዲህ ሲሆን ፊተኛው ጎማ መኪናዋን ወደፊት እየጎተተ ኩርባውን ያጠብባታል፣ ዳገት ላይም አፍንጫዋን ያስተካክላል።

ስለ ሞተሩ ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የተለመደው 540 በሚል ቁጥር የሚታወቀው መጠን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሽቦ የተጠመጠመበት ቁጥር ባሕርዩን ይወስናል፤ ጥምጥሙ ሲበዛ ሞተሩ ይዘገያል፣ ለቁጥጥርም ይመቻል። ለውድድር የሚሮጡ መኪኖች በጥቂት ጥምጥም ሲሠሩ ለክሮለር ከ35 እስከ 55 ጥምጥም ይለመዳል። የሚቀጥለው ሥራ የማርሾቹ ነው። ለምሳሌ በደቂቃ 12,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ40 እጥፍ በሚያዘገዩ ማርሾች በኩል ሲያልፍ ጎማው በደቂቃ 300 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የጎማው ቁመት 108 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መኪናዋ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ማለት ነው። ይኸው 40 እጥፍ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ የመጠምዘዝ ኃይሉን በ40 ያበዛዋል፤ ሹፌሮች ሪዶታ የሚሉት ከባድ ማርሽ ለትልቁ መኪና የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው። ከዚህ የሚገኘው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ጎማው መሬቱን ከሚይዝበት አቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ሞተር የሚጨምረው ጎማ የማንሸራተት ችሎታን ብቻ ነው። ሴንሰር ያለው፣ ካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተር የሚመሰገነው በጉልበቱ ሳይሆን፣ የመሽከርከሪያውን አቋም ለመቆጣጠሪያው እየነገረ ከዜሮ ተነሥቶ ሳይደናቀፍ በጣም በዝግታ መዞር በመቻሉ ነው።

አዲስ ሠሪን ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ፣ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ቀጥ ብላ የቆመች መኪና ዳገት ስትጀምር ወደ አንድ ጎን ማዘንበሏና አንድ የፊት ጎማዋን ማንሣቷ ነው። ምክንያቱ የሞላ ድክመት አይደለም። ከመሐል ካምቢዮ ወደ አክሰሎቹ የሚሄደው ዘንግ አክሰሉን ሊያዞር ሲጠመዘዝ፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩል ምላሽ ስላለው ሻንሲውን ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነብላል፤ ዳገቱ በከበደ ቁጥርም ማዘንበሉ ይብሳል። ከመድኃኒቶቹ መካከል እጅግ ብልሃት ያለበት፣ በጀርመኑ ኡኒሞግ የጭነት መኪና ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ፖርታል አክሰል ነው። በዚህ አክሰል መካከለኛው ዘንግ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ያልፍና በእያንዳንዱ ጎማ ጫፍ ላይ ባለ ተጨማሪ የማርሽ ጥንድ ኃይሉን ወደ ታች ያወርዳል። የመጨረሻው የማዘግየት ሥራ በጎማው ጫፍ ላይ ስለሚፈጸም፣ በመሐሉ ዘንግ የሚያልፈው የመጠምዘዝ ኃይል ይቀንሳል፤ ሻንሲውን የሚያዘነብለውም አብሮ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የአክሰሉ እንብርት ከድንጋዩ ከፍ ስለሚል መጋጨቱም ያንሳል። ፖርታል ለሌላቸው መኪኖች የሚቀረው መፍትሔ፣ አክሰሉን ከሻንሲ ጋር የሚያያዙትን አራት ዘንጎች ርዝመትና ዝንባሌ መቀየር እንዲሁም አሞርዛተሩ ውስጥ ያለውን የሲሊኮን ዘይት ማወፈር ነው፤ ይህም ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ይደረሳል። የአንድ ነገር ክብደት ሁሉ የተሰበሰበበት ያህል የሚቆጠረው ነጥብ የስበት ማዕከል ይባላል፤ መኪና በጎን ቁልቁለት ላይ የምትገለበጠው ከዚህ ነጥብ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ከታችኛው ጎማ ውጭ ሲያርፍ ነው። ስሌቱ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። የሁለቱ ጎማዎች መቆሚያ ከመሐል እስከ ጫፍ 95 ሚሊ ሜትር የሆነባትና የስበት ማዕከሏም ከመሬት 95 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለባት፣ 2.5 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ብትወሰድ የምትገለበጠው በ45 ዲግሪ ዝንባሌ ላይ ነው። ሠሪው በልማድ የሚያደርገውን አድርጎ በአክሰሎቹና በቸርኬዎቹ ላይ 400 ግራም ናስ ቢጨምር፣ የጨመረው ክብደት ከመሬት 54 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሚቀመጥ የስበት ማዕከሉ ወደ 89 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ መኪናዋም እስከ 47 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከዚህች መኪና ጣሪያ ላይ፣ ከመሬት 230 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ ለውበት የተቀመጠ 100 ግራም የሚመዝን ፖርቶመጋላ ከነጭነቱ ቢወርድ የስበት ማዕከሉ በዚያው መጠን፣ ወደ 89 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ከጣሪያ የተቀነሰ 100 ግራም ከአክሰል ላይ የተጨመረ 400 ግራም ያህል ሥራ ይሠራል፤ ያውም ሞተሩን፣ መሪውንና ባትሪውን ሳያደክም። 300 ግራም የሚመዝነው ባትሪ ከሻንሲው አናት ወርዶ 60 ሚሊ ሜትር ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ቢታሰር ደግሞ፣ አንድም ግራም ሳይጨመር የስበት ማዕከሉ በ7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሦስቱም ለውጦች አንድ ላይ ሲደረጉ ማዕከሉ ወደ 78 ሚሊ ሜትር ይወርድና መገልበጫው ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ሞላው በታችኛው ጎን ስለሚጨመቅ እውነተኛው ቁጥር ከስሌቱ ጥቂት ያንሳል፤ የለውጦቹ ቅደም ተከተል ግን አይናወጥም፤ መጀመሪያ ከላይ ማራገፍ፣ ቀጥሎ ያለውን ዝቅ ማድረግ፣ ናስ መግዛት መጨረሻ ላይ።

ክብደቱ ከፊትና ከኋላ የሚከፈልበት መንገድም ከዚህ አያንስም። በ45 ዲግሪ ዳገት ላይ የስበት ማዕከሏ 95 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለባት፣ አክሰሎቿ በ313 ሚሊ ሜትር የተራራቁ መኪና፣ በሜዳ ላይ ክብደቷ ለፊትና ለኋላ እኩል የተከፈለ ከነበረ የፊት ጎማዎቿ የሚሸከሙት ከጠቅላላው ጫና 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በሜዳ 60 በመቶው ከፊት ቢሆን ግን ዳገቱ ላይ 30 በመቶው ይቀርላቸዋል። ጎማ ድንጋዩን የሚጨብጠው በተጫነው ልክ ስለሆነ ይህ ልዩነት በመውጣትና ወደ ኋላ በመንሸራተት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ባትሪውንና ሞተሩን ወደ ፊት አክሰል የሚያስጠጉት፣ ናስም ከጨመሩ ከኋላው ይልቅ ለፊተኛው የሚያደሉት ስለዚህ ነው።

የክሮለር ጎማ በአየር አይነፋም። በውስጡ ስፖንጅ ይገባበታል፤ አየሩ እንዲወጣና እንዲገባ ቸርኬው ወይም ጎማው ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለታል፣ ያለዚያ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል። ስፖንጁ ሲለሰልስ ጎማው በድንጋዩ ቅርጽ ላይ ይተኛል፤ ሲበዛ ደግሞ ጎን ቁልቁለት ላይ ታጥፎ መኪናዋን ይጥላል። ስለዚህ የተሻሉት ስፖንጆች ውስጣቸው ጠንካራ፣ ውጫቸው ለስላሳ ሆኖ በሁለት ድርብ ይሠራሉ። የላስቲኩ ልስላሴም እንዲሁ ነው፤ ለስላሳው በደረቅ ግራናይት ላይ እንደ እጅ ይጣበቃል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ጎማው በሙጫ ከመጣበቅ ይልቅ በብረት ቀለበትና በቡሎኖች በተጨመቀ ቸርኬ ቢያዝ ይመረጣል፤ ስፖንጅ መቀየር የፈለገ ሠሪ ጎማውን ሳይቀድ ይፈታዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ኤሌክትሪኩ ነው። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የተባለ፣ ሞተርና ማርሽ አንድ ላይ የያዘ ሣጥን ሲሆን፣ ጎማ በሁለት ድንጋዮች መካከል ሲነከስ መኪናዋን የሚያላቅቃት እርሱ ስለሆነ በእርሱ ላይ መቆጠብ አይገባም። ጠንካራ ሰርቮ ሲታገል የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ የሚያቀርብለት የቮልት መቀነሻ ደካማ ከሆነ ተቀባዩ ሬዲዮ ለቅጽበት ኃይል ያጣና መኪናዋ ዳገት ላይ ትሞታለች፤ ብዙዎች ይህን የሬዲዮ ብልሽት አድርገው ይወስዱታል። ዛሬ የሚሠራባቸው ሬዲዮዎች በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ የሚሠሩና ከየራሳቸው ተቀባይ ጋር የተጣመሩ በመሆናቸው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ድንጋይ ላይ ቢነዱ እንኳ የአንዱ ትእዛዝ ወደ ሌላው አይሄድም። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዱ ክፍል በአማካይ 3.7 ቮልት ሲይዝ፣ ባለ ሁለት ክፍሉ 7.4፣ ባለ ሦስቱ 11.1 ቮልት ይሰጣል። ይህ ባትሪ በቸልታ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ አንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ወይም ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደም ይበላሻል። የእያንዳንዱን ክፍል ቮልት እያመጣጠነ በሚሞላ መሣሪያ፣ እሳት በማይዘልቀው ቦታና ሰው ባለበት መሙላት ግዴታ ነው።

መኪናዋ ተገጣጥማ ካለቀች በኋላ ወደ መንገድ ከመውጣቷ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው የፊትና የኋላ ጎማዎችን በሁለት የወጥ ቤት ሚዛኖች ላይ አቁሞ የክብደቱን ድርሻ ማንበብ ነው። ሁለተኛው አሸዋ ወረቀት በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ መኪናዋን በጎኗ አቁሞ ሰሌዳውን ቀስ እያሉ ማንሣትና ላይኛው ጎማ የሚለቅበትን ዲግሪ በስልክ መለኪያ መመዝገብ ነው። ሁለቱም ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጁ ሲሆኑ፣ የሚሰጡት ቁጥር ከብዙ ግምት ይበልጣል፤ ወደፊት የሚደረግ ለውጥ ሁሉ የሚመዘነው በእነርሱ ነው።

የመንገዱ ፈተና ግን ሰሌዳ የማይነግረውን ይነግራል። ጥሩ የመፈተኛ ቦታ ርቀት ሳይሆን ልዩነት ያለው ነው፤ ደረቅ ቋጥኝ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የተገለጠ የዛፍ ሥርና ልል ጠጠር በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ቢገኙ ይበቃል። መኪናዋ ከፓራውልቷ ሥር ሳትነካ ወደ ድንጋይ የምትጠጋበት አንግል፣ ከሆዷ ሥር የምትሰቀልበት ጉብታና ከኋላዋ የምትወርድበት ደረጃ የሚታወቁት እዚህ ነው። ነጂው ጋዙን ሲለቅ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቀጥ ብላ መቆም አለባት፤ ይህን የሚያደርገው በፍጥነት መቆጣጠሪያው ውስጥ የሚስተካከለው የመጎተት ፍሬን ሲሆን፣ ካነሰ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንከባለላለች፣ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ጎማው በድንገት ከተያዘ አፍንጫዋን ተክላ ትገለበጣለች።

የብዙ ፈተናዎች ከንቱነት የሚመጣው በአንድ ቀን ብዙ ነገር ከመለወጥ ነው። ጎማ ቀይሮ፣ ዘይት አወፍሮና ናስ ጨምሮ የወጣ ሰው መኪናው ብትሻሻል በየትኛው እንደተሻሻለች አያውቅም፤ ብትከፋም እንዲሁ። ትክክለኛው መንገድ አንድ ድንጋይ መርጦ፣ መነሻውን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ያለ ለውጥ ዐሥር ጊዜ መሞከርና ስንቱን እንደወጣች መጻፍ፣ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ዐሥሩን መድገም ነው። ስልክ በድንጋይ ላይ ደገፍ አድርጎ ከጎን በዝግታ ቀረጻ ማንሣትም ይረዳል፤ መገልበጡ በዓይን ከሚታየው ስለሚፈጥን፣ መጀመሪያ የለቀቀው የትኛው ጎማ እንደሆነ የሚያሳየው ምስሉ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሞተሩን በእጅ መንካትም አይዘነጋም፤ ጣት የማይቆምበት ያህል ከጋለ ማርሹ ለሥራው ፈጣን ነው ማለት ስለሆነ፣ ትንሹን የሞተር ማርሽ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ መቀነስ ይገባል።

ድንጋይ አንሥቶ መንገድ የማመቻቸት ልማድ ግን ሊቀር ይገባዋል። ፈተናው የመኪናዋ እንጂ የድንጋዩ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ከጅረት ዳር የተገለበጠ ድንጋይ ሥሩ የነበረውን ፍጥረት ያጋልጣል፣ የተፋቀ የድንጋይ ሽበትም ተመልሶ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

በጉዞው የሚላሉት ቡሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ብረት ከብረት ጋር የተጋጠሙባቸው ስለሆኑ በሙያው የታወቀ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያስፈልጋቸዋል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ለሚገቡት ግን ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ስለሚሰነጥቅ አይደረግም። ውኃ የተሻገረች መኪና ደግሞ ሳትከፈት ማደር የለባትም። በአክሰሉ ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ስለሆኑ፣ የገባባቸው ጭቃ ግራሶውን አጥቦ በቀናት ውስጥ ያዝጋቸዋል፤ የዛገ ኩሽኔታም ዘንጉን ያላላል፣ ዘንጉም የማርሹን ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ በተመለሰበት ምሽት አራቱን ጎማዎች ፈትቶ ኩሽኔታዎቹን ያድርቅ፣ አዲስ ግራሶ ይቀባ፣ ባትሪውንም በእያንዳንዱ ክፍል 3.8 ቮልት ላይ አድርጎ ለብቻው ያስቀምጠው።